ለትራንስጀንደር ልጆቻችን የትኛው የቤተሰብ ቴራፒ ይሻላል? ከአስተርጓሚ ወንበር የተጻፈ ንጽጽር

«እባክዎ፣ ልጃችንን አስተካክሉልን።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ እንደመለስኳት መቁጠር ትቻለሁ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉ ክሊኒኮች የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ፣ ከልጆቻቸው አንዱ «ትራንስጀንደር ነኝ»፣ ማለትም ሲወለድ የተሰጠኝ ጾታ የእኔ አይደለም፣ ያላቸው ወላጆች አጠገብ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ብዙዎቹ የሚመጡት መኪናውን ጋራዥ እንደሚያስገባ ሰው ነው፦ ጠዋት አድርሰው፣ ማታ ተሠርቶ ሊወስዱ። ቴራፒስቱ «በሚቀጥለው ሳምንት እናንተን ብቻችሁን ማየት እፈልጋለሁ» ሲል ግን ፊታቸው ይለዋወጣል። «እኛን? እኛ ምን ሆንን?»

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያች ደቂቃ ነው። ቴራፒስት አይደለሁም። የማንንም ቤት ምስጢር አላወጣም፤ የምጠቅሳቸው ሁኔታዎች ከብዙ ቤት ተቀላቅለው የመጡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ልጆቹ ስጽፍ ደግሞ በተቻለኝ መጠን በብዙ ቁጥር፣ «እነሱ» እያልኩ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ዛሬ ማታ

ከማንኛውም ምርጫ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይቺኛዋ ቀጠሮ አትጠብቅም። ቤታችሁ ውስጥ መሞት የሚመኝ፣ ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ወይም ገላውን የሚቆርጥ ልጅ አለ?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2023 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በአገር አቀፍ ደረጃ ጠይቆ ነበር። ትራንስጀንደር ነን ወይም ገና እርግጠኛ አይደለንም ካሉት መካከል ከአራት አንዱ ያህል ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል። ከሌሎቹ ሴቶች 11 በመቶ፣ ከሌሎቹ ወንዶች 5 በመቶ ናቸው ይህን ያሉት።

እኛ ዘንድ ይህን ጥያቄ በቀጥታ መጠየቅ ነውር ነው፤ «ሰይጣንን በስሙ አትጥራው» እንላለን። ባለሙያዎቹ ደግሞ መጠየቅ ሐሳቡን ልጅ አእምሮ ውስጥ እንደማይከት በግልጽ ይናገራሉ። ስለዚህ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት፣ ታይለኖሉን ሳይቀር፣ ቆልፉበት፤ መሣሪያ ካለም ከቤት ይውጣ። ለእንዲህ ያለ ጭንቅ ወደተዘጋጀው የአሜሪካ የእርዳታ መስመር፣ 988፣ ደውሉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ያገናኛችኋል። የድሮ መመሪያ ያነበባችሁ ካላችሁ፣ 988 ላይ 3 ቁጥርን ተጭኖ ለእነዚህ ወጣቶች ወደተዘጋጀው ክፍል መግባት ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ትሬቨር ፕሮጀክት የሚባለው ድርጅት ግን የራሱን መስመር 24 ሰዓት ክፍት አድርጎ ይዟል፤ ቁጥሩ 1-866-488-7386 ነው። ልጆቹ ራሳቸው ስልኩን ይዘውት ይደሩ።

ወላጅ መሆን በእርግጥ ለውጥ አለው?

«እኔ ብቀበለው ባልቀበለው ምን ይለወጣል፣ ዓለሙ እንደሆነ ተበላሽቷል» ያለኝን አባት አስታውሳለሁ። ለእሱ ብነግረው ኖሮ የምነግረው የካናዳውን ጥናት ነበር። በኦንታሪዮ ከ16 እስከ 24 ዓመት የሆናቸው 84 ትራንስጀንደር ወጣቶች ስለ ወላጆቻቸው ተጠየቁ፤ ውጤቱ በ2012 ወጣ። ወላጆቻችን አጥብቀው ይደግፉናል ካሉት መካከል ባለፈው ዓመት ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 4 በመቶ ናቸው። ያ ድጋፍ ከሌላቸው መካከል 57 በመቶ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ የአንድ ጊዜ ጥያቄም ነው፤ ወላጅ ሲለወጥ ልጅ እንዴት እንደሚሆን ከዓመት ዓመት ተከታትሎ አላሳየም። ያም ሆኖ 4 እና 57 የሚቀራረቡ ቁጥሮች አይደሉም።

በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 129 ወጣቶችን የመረጡት ስም የት የት እንደሚጠሩበት ጠይቋል፦ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ጓደኛ ዘንድ። በአንድ ተጨማሪ ቦታ በዚያ ስም መጠራት ራስን የማጥፋት ሐሳብ በ29 በመቶ፣ ወደዚያ የሚያመራ ድርጊት በ56 በመቶ ዝቅ ከማለት ጋር አብሮ ተገኝቷል። ስም ነው እንግዲህ፤ ገንዘብ አያስወጣም። ለእኛ ግን ከገንዘብ ይከብዳል። የአያት ስም፣ በሱባኤ የተገኘ ስም፣ የክርስትና ስም ነው የሚነካው፤ ያን ክብደት የማይረዳ ቴራፒስት ገና ሲጀመር ያጣችኋል።

መጠገን የሚያውቀው፦ ኤቢኤፍቲ

በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤቢኤፍቲ የሚባለው በፍቅር ትስስር ላይ የቆመ የቤተሰብ ቴራፒ ነው። በፊላደልፊያ ጋይ ዳያመንድና ባልደረቦቹ ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡና ድብርት ላለባቸው ወጣቶች አዘጋጁት፤ በኋላም በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ሠርተውበታል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይወስዳል።

መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ ይገባሉ፤ ቴራፒስቱ ለልጆቹ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ «መኖር ሲያስጠላችሁ ለምን ወደ እናትና አባታችሁ አልሄዳችሁም?» ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ አስተርጓሚ አይፈልግም። ከዚያ በኋላ ሥራው፣ ለምን ልጅ ተለወጠ የሚለው ቀርቶ፣ ለምን ልጅ ወላጁን መጠጊያ ማድረግ አቃተው የሚለው ይሆናል። ቀጥሎ ልጆቹ ለብቻቸው ይገባሉ፣ የሚናገሩትን ያዘጋጃሉ። ወላጆችም ለብቻቸው ይገባሉ። አራተኛው እርምጃ ዋናው ነው፤ ልጅ ተቀምጦ የጎዳውን ነገር ይናገራል፣ ወላጅ ሳያቋርጥና ሳይከላከል ያዳምጣል። በመጨረሻ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጓደኛ፣ ወደ ነገ ይሄዳሉ።

ለእኛ ቤተሰቦች ይህን የማስቀድመው በሦስተኛው እርምጃ ምክንያት ነው። ቴራፒስቱ ወላጅን «አንቺስ በዚህ ዕድሜ ስታዝኚ ወደ ማን ትሄጂ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። በደርግ ዘመን ወንድሟን ያጣች፣ በሱዳን በኩል በእግሯ የወጣች፣ በ15 ዓመቷ ለሰው ቤት የተሰጠች እናት ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሷ የተጠየቀችው ያኔ ነው። እንዲህ ያለች እናት ልጇን ለመስማት አቅም የምታገኘው እሷ ራሷ ከተሰማች በኋላ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። እነዳያመንድ ሕክምናውን ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ግብረ ሰዶማውያን ወጣቶች ሲያስተካክሉት ከወላጅ ጋር ለብቻ የሚደረገውን ጊዜ ያራዘሙት ለዚህ ነው፤ የወላጅ ሐዘን፣ ፍርሃትና የሃይማኖት ጥያቄ በአንድ ቀን አያልቅም። ያ ሙከራ ትንሽ ነበር፣ 10 ወጣቶች ብቻ፤ ድብርቱም የመሞት ሐሳቡም ቀንሶ ታይቷል። በእስራኤል ደግሞ ቤርሳቤህ ባለው የቤንጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ጋሪ ዳያመንድ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ላልተቀበሏቸው ወላጆችና ለጎልማሳ ልጆቻቸው አስማምቶ ሠርቶበታል። እዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ቅርብ ነው።

ግን እውነቱን እንናገር። በ2010 የወጣው የመጀመሪያው ሙከራ በ66 ወጣቶች ላይ ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ውጤት አሳየ፤ በ2019 የወጣው፣ 129 ወጣቶች የተሳተፉበት፣ ወላጅን ከሚጨምር ሌላ ደጋፊ ቴራፒ ጋር ሲያወዳድረው ሁለቱም ወገን ተሽሎት ልዩነታቸው ጎልቶ አልወጣም። ስለዚህ በአካባቢያችሁ በዚህ የሠለጠነ ሰው ካጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ወላጅን ለብቻ፣ ልጅን ለብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ የሚያይ፣ ረጋ ያለ የቤተሰብ ቴራፒስት ብዙውን መንገድ ያደርሳችኋል።

ቢላዋው ካልቆመ፦ ዲቢቲ

ልጆቹ ገላቸውን የሚቆርጡ ወይም በተደጋጋሚ የሞከሩ ከሆነ ምርጫዬ ይለወጣል። ያኔ የማስቀድመው ዲቢቲ የሚባለውን፣ ስሜትንና ጭንቅን መቋቋም የሚያለማምደውን ቴራፒ ነው። በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማርሻ ሊነሃን የፈጠረችው ነው፤ ለወጣቶች የተዘጋጀው ዓይነት ወላጅንም ያስገባል። በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹ ለብቻቸው ቴራፒስቱን ያያሉ፤ በሌላ ቀን ብዙ ቤተሰቦች ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይማራሉ፦ ንዴት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ጭንቅ እንዴት ሳይባባስ እንደሚያልፍ። «የመካከሉ መንገድ» የሚባል ትምህርትም አለው፤ ወላጅና ልጅ ሁለቱም ከፊል እውነት ሊይዙ እንደሚችሉ የሚያለማምድ። በሳምንቱ መካከል ልጆቹ ለቴራፒስታቸው ደውለው ምክር መጠየቅ ይችላሉ። በ2018 የታተመው ትልቅ ሙከራ 173 ወጣቶችን ይዞ ለስድስት ወር ሠራ፤ ራስን የመግደል ሙከራም ገላን መጉዳትም ከሌላው ቴራፒ ይበልጥ ቀነሰ። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠቧል።

ጉድለቱ ጊዜ ነው። የሌሊት ሽፍት የሚሠራ አባት፣ ሁለት ቦታ የምትሠራ እናት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለስድስት ወር! በቡድኑ ውስጥም ሌሎች ወላጆች አሉ፤ እንግሊዝኛ ይሮጣል፣ አስተርጓሚ በሹክሹክታ ይከተላል፣ ቀልዱ ያመልጣል። የቤት ሥራው ወረቀትም እንግሊዝኛ ነው። ደግሞ ዲቢቲ የሚሠራው ልጁ እንዲተርፍ ነው እንጂ ስለ ጾታ ማንነት በቤት ውስጥ ያለውን ስብራት በቀጥታ አይጠግንም። አንዳንድ ቤተሰብ ዲቢቲውን ጨርሶ ወደ ኤቢኤፍቲ ዓይነቱ ይሻገራል፤ ያ ቅደም ተከተል አስተዋይነት ይመስለኛል።

አጭሩ መንገድ፦ ወላጅን ማስተማር

በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬትሊን ራያን በ2002 የጀመረችው የቤተሰብ ተቀባይነት ፕሮጀክት የሚነሣው ወላጅ ልጁን ይወዳል ከሚል እምነት ነው። ጎጂውም ጠቃሚውም ነገር በተግባር ተዘርዝሮ ይቀርባል፦ ከጓደኛ መከልከል፣ ዘመድ ሲሰድብ ዝም ማለት፣ ከቤተሰብ ሰርግ ማስቀረት በአንድ ወገን፤ አብሮ መብላት፣ መጠየቅ፣ በሌላ ሰው ፊት መከላከል በሌላው ወገን። በ2009 የታተመው ጥናታቸው 224 ግብረ ሰዶማውያን ወጣት ጎልማሶችን ይዞ፣ በጉርምስናቸው ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸው 8.4 እጥፍ፣ ለድብርት መጋለጣቸው 5.9 እጥፍ ሆኖ አገኘ። ያ ጥናት ነጮችንና ላቲኖዎችን እንጂ የእኛን ልጆች አልያዘም፤ ትራንስጀንደር ወጣቶች የገቡት በ2010ሩ ነው።

የዚህ መንገድ ውበት እምነትህን ለውጥ አይልም፤ ዛሬ የምታደርገውን አንድ ጎጂ ነገር ተው ይላል። ለአንድ ዲያቆን አባት «ልጅህን ባርከው» ማለት ከባድ ሊሆን ይችላል። «አጎቱ ሲሰድበው ዝም አትበል» ማለት ግን ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ስብራቱ ገና ጥልቅ ካልሆነ፣ ልጆቹም ካልታመሙ፣ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይበቃል።

የወላጆች ቡድን

የእንዲህ ያሉ ልጆች ወላጆች ማኅበር የሆነው ፒፍላግ የተወለደው በኒውዮርክ ነው። ጂን ማንፎርድ የምትባል መምህርት ልጇ በተቃውሞ ሰልፍ ላይ ከተደበደበ በኋላ አብራው አደባባይ ወጣች፤ በ1973 አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደ ሃያ የሚጠጉ ሰዎች የመጀመሪያውን ስብሰባ አደረጉ። ዛሬ በመላው አገሪቱ ቅርንጫፍ አለው፣ ነፃ ነው። በዋሽንግተን የሕፃናት ብሔራዊ ሆስፒታልም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ወላጆች ቡድን ይካሄድ ነበር፤ ወላጅ ከወላጅ እንዲማር የሚለው ሐሳብ በእኛ ከተማ አዲስ አይደለም።

ቡድን ቴራፒ አይደለም፤ ልጅ በአደጋ ላይ ካለ አይበቃም። አበሻ ወላጅ ደግሞ እዚያ ገብቶ ወዲያው አይናገርም። መጀመሪያ በሩን ዞር ብሎ ያያል፤ «የማውቀው ሰው ይኖር ይሆን?» ከዚያ ነጮቹ እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ ግራ ይገባዋል። በቪዲዮ የሚካሄዱት ይቀላሉ፤ ካሜራ አጥፍቶ መስማት ይቻላል። ሦስተኛ ቀን ላይ አንድ የኬንያ ወይም የህንድ እናት «ቤተሰቤ ቢሰማ...» ብላ ስትጀምር ነው የሚገባቸው።

ቴራፒ ያልሆኑት

የልጁን ማንነት ለመለወጥ ቃል የሚገባ «ቴራፒ» ሲቀርብላችሁ፣ በየትኛውም ስም ቢመጣ፣ አትግቡበት። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2021 በይፋ ተቃውሞታል። ዲሲ በ2014፣ ሜሪላንድ በ2018፣ ቨርጂኒያ በ2020 ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከ18 ዓመት በታች በሆኑት ላይ እንዳይሠራው ሕግ አወጡ። ሕጎቹ ፍርድ ቤት እየተጠሩ ነው፤ የቨርጂኒያው በ2025 በንግግር ብቻ የሚሰጠውን በሚመለከት በፍርድ ቤት ስምምነት ላልቷል። ሕጉ ላላ ማለት ግን ጉዳቱ ቀረ ማለት አይደለም።

«አገር ቤት እንላከው፣ አያቱ ጋ ይረጋጋል» የሚለውንም በዚሁ መደብ አስቀምጠዋለሁ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ትራንስጀንደር መሆን ሌላ ነገር ቢሆንም፣ ሰፈር ሲያይ ልዩነቱን አይፈትሽም። ፓስፖርቱ የተያዘበት፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚቀናው፣ ስልኩን የተነጠቀ የ15 ዓመት ልጅ ማን ጋ ይደውላል?

የነፍስ አባት ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ በዚህ ላይ ከአንዳንድ ቴራፒስቶች ጋር አልስማማም። «ቄሱን ተዉት» ማለት ለብዙ እናት «እናትሽን ተያት» እንደማለት ነው። ኡስታዝም ሆነ ፓስተር ያው ነው። ወላጅ ሐዘኑን የሚያፈስበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ይሁን። አስቀድማችሁ ግን አባን ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ ልጁን ሳያስፈቅዱ ጠበል አይውሰዱ፣ በስብከት ላይም በስውር አያንሱት። እሺ ካሉ፣ እሳቸው ለእናንተ፣ ቴራፒስቱ ለሁላችሁም። እሺ ካላሉ ጉዳዩን ከእሳቸው ዘንድ አርቁት።

ስለ ቋንቋ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ

አንድ ስህተቴን ልናገር። አንድ ቀን ቴራፒስቷ ስለ ልጅ ስትናገር «ዜይ» እያለች ነበር፤ እኔ በድካም «እሱ» ብዬ ለእናትየዋ መለስኩት። ልጅ አማርኛ አይናገርም ብዬ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። ልጆቻችን አማርኛ አይናገሩም እንጂ ይሰማሉ። አሁን ስጽፈው እንኳ አማርኛው «አየኝ» አስባለኝ፤ ልጅየው ግን «እሱ» መባል የማይፈልግ ነበር። በብዙ ቁጥር የምጽፈው ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ሲያዝ «ዩ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ አያልፍም፤ «ና» ወይም «ነይ»፣ «ብላ» ወይም «ብዪ»፣ በእያንዳንዱ ግስ ላይ ወላጅ ይመርጣል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ቴራፒስት ስለ ተውላጠ ስም የሚሰጠው ምክር ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ጦርነት ግማሹን እንኳ አይነካም። ይህን አስረዱት። መፍትሔው ደግሞ ቋንቋችን ውስጥ አለ። እናቶቻችን ወንድ ልጃቸውን በፍቅር «ነይ የኔ እናት» ሲሉ፣ ሴቷን «አባቴ፣ ና እስኪ» ሲሉ አድገናል፤ አማርኛ ጾታን በፍቅር ሲያሻግር የኖረ ነው። ሙሉ በሙሉ መቀየር ገና ያቃታት አንዲት እናት ደግሞ ለወራት በ«እንብላ»፣ «እንሂድ»፣ «እንተኛ» ኖራለች። «እኛ» ጾታ የለውም። «ሆዴ»፣ «ዓይኔ»፣ «ልጄ» የሚሉትም እንደዚሁ። ቴራፒስቱ ይህን ሲሰማ ማስታወሻ ያዘ።

አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ቢገኝስ? እንባ በራስ ቋንቋ ይቀላል። ጭንቁ ግን ኅብረተሰባችን ትንሽ መሆኑ ነው፤ ያው ሰው በዕድር፣ በሰርግ ይገኛል። ሕግ ምስጢር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ ልባችሁ ካላረፈ ግን ሕግ ብቻ አያሳርፍም። ከሌላ ስቴት በቪዲዮ ማግኘትም ይቻላል፣ ቴራፒስቱ እናንተ በተቀመጣችሁበት ስቴት የመሥራት ፈቃድ ካለው። ለሳይኮሎጂስቶች ሳይፓክት የሚባል የስቴቶች ስምምነት አለ፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አባል ናቸው።

አስተርጓሚ ነፃ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የመንግሥት ቢሮዎችን የሚያስገድድ የቋንቋ ሕግ አለ። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ ከድንገተኛ አደጋ በቀር አይፈቀድም፤ ታናሽ እህት ስለ ታላቋ ሞት ሐሳብ ለእናቷ ስታስተረጉም አስቡት። በስልክ የሚመጣ፣ ከሌላ ከተማ የሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። በራሴ እንጀራ ላይ መናገሬ ነው፤ ግን የማያውቃችሁ ሰው ይሻላል።

ፍርሃቶቹ

«ካውንስለር ጋ ከሄደ ሆርሞን ይሰጡታል» የሚል ወሬ ብዙ ነው። የቤተሰብ ቴራፒስትና ሶሻል ወርከር መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ የላቸውም። በመድኃኒቱ ላይ ያለው ክርክር ትልቅ ነው፤ በእንግሊዝ በ2024 የወጣው የካስ ሪፖርት ማስረጃው ደካማ ነው ብሏል፤ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 2025 ቴነሲ ስቴት ይህን ሕክምና ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የከለከለበትን ሕግ 6 ለ 3 አጽንቶታል፤ ትልልቅ የአሜሪካ የሐኪም ማኅበራት ደግሞ ሕክምናውን ሲደግፉ ቆይተዋል። ያ ሌላ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ክርክር ነው። ቤተሰብ ተቀምጦ መነጋገሩ ይጠቅማል በሚለው ላይ ግን ተከራካሪዎቹም አይጣሉም።

«ልጄን ይወስዱብኛል» የሚለው ሌላው ነው። ቴራፒስት ሪፖርት እንዲያደርግ የሚገደደው ልጅ ሲጎዳ ነው፤ ለምሳሌ ሲመታ፣ ሲራብ፣ ከቤት ሲባረር። ስሙን ለመጥራት አፍ አልታዘዝ ያለው ወላጅ ለዚያ ወደ ቴራፒ መምጣቱ ለእሱ የሚመሰክርለት ነው። በሜሪላንድ ደግሞ ከ2021 ወዲህ 12 ዓመት የሞላቸው ልጆች ባለሙያው ብስለታቸውን ካመነበት ያለ ወላጅ ፈቃድ ቴራፒ መጀመር እንደሚችሉ እወቁ። ቀድመው ሄደው ከሆነ መናደድ ያለ ነው፤ ቢሆንም ሕይወት ፍለጋ ነው የሄዱት።

ስልኩን ስታነሡ

ገላ መቁረጥ ወይም ሙከራ ካለ ዲቢቲ። ልጆቹ ራሳቸውን ባይጎዱም ቤቱ ዝም ያለ፣ በር የሚዘጋበት ከሆነ ኤቢኤፍቲ ወይም የሚመስለው። ገና ወሬው አዲስ ከሆነና የምታደርጉት ከጠፋባችሁ የወላጅ ትምህርትና ቡድን። አባት እግሬን አላነሣም ካለ? እናት ብቻዋን ትጀምር፤ ልጅን ብቻውን ልኮ ወላጅ ቤት ከሚቀር ይህ ይሻላል። በሁለተኛው ወር የሚመጡ አባቶች አይቻለሁ፣ መኪና ውስጥ ቆይተው፣ ከዚያ ኮሪደር፣ ከዚያ ወንበር።

ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ፦ ከትራንስጀንደር ወጣቶች ቤተሰቦች ጋር ሠርተው ያውቃሉ? ወላጅን ለብቻ ያያሉ? ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ሲመጣ እንዴት ይጀምራሉ? «ወይ ሙሉ በሙሉ ተቀበሉ፣ ወይ ውጡ» የሚል ቴራፒስት ለእኛ አይሆንም፤ «ልጁን እመልስላችኋለሁ» የሚለው ደግሞ ከእሱ ይብሳል።

ስለ ገንዘብ፦ ኢንሹራንሳችሁን ሁለት ቁጥር ጥቀሱለት። 90847 ልጅ ባለበት የሚደረግ የቤተሰብ ቴራፒ ነው፣ 90846 ልጅ በሌለበት። ሁለተኛውን የማይከፍሉ ኢንሹራንሶች አሉ፤ ሥራው የሚጀመረው ግን ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ነው። ስለዚህ «90846 ትሸፍናላችሁ? ኮፔዩ ስንት ነው?» ብላችሁ የመለሰውን ሰው ስም ጻፉ። ከኪስ ከሆነ በአንድ ቀጠሮ ከ150 ዶላር በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ማሠልጠኛ ክሊኒኮች እንደ ገቢያችሁ ያስከፍላሉ፣ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠሩ ተማሪዎች ናቸው፤ ጊዜ ይሰጣሉ።

ወረፋው ሳምንታት ይወስዳል። ሦስት ቦታ ተመዝገቡ፤ ቀጠሮ የሚሰርዝ ሰው ሲኖር እንዲደውሉላችሁ ንገሯቸው። እስከዚያ መድኃኒቱ ተቆልፎ ይቆይ፤ ማታ ማታ ደግሞ በሩን አንኳኩታችሁ «እንብላ» በሉ።